ናይለኑን ሳናቀልጥ ለምን እንደምናበስለው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስለ አዲሱ የናይለን ዘንጋችን ከብዙዎቻችሁ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው። «ያው ናይለን አይደል እንዴ? ለምን ተወደደ? ደግሞስ ለምን ቆየ?» ገንዘቡን የሚከፍል ሰው የሚገዛውን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቁጭ ብለን ይህን ጻፍንላችሁ።

ዘንጉን የምንሠራበት ናይለን 6 የሚባለው የናይለን ዓይነት ወደ እኛ የሚመጣው በከረጢት ነው። ፍሬው ነጣ ያለ ነው፤ ከሩዝ ትንሽ ወፈር ይላል። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሞለኪውል ሰንሰለቶች ተጠላልፈው ተኝተዋል። የናይለኑ ጉልበት ያለው በእነዚህ ሰንሰለቶች ርዝመት ላይ ነው። ጥጥ የፈተለ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ጭረቱ አጭር ከሆነ ፈትሉ ይበጠሳል።

ለኢንጀክሽን ማሽን የሚሠራው ፍሬ ሲቀልጥ እንደ እንጀራ ሊጥ ይፈሳል። ሻጋታ ለመሙላት ይህ ጥሩ ነው። ወፍራም ዘንግ ለማውጣት ግን እንደ ዳቦ ሊጥ ጠንከር ያለ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሰንሰለቱ መርዘም አለበት። ባለፈው ዓመት በዚያ ቀጥኖ በሚፈሰው ፍሬ የሠራነው ቡሺንግ (ሻፍት የሚሽከረከርበት ቀለበት) ሁለት ወር ሳይሞላው ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ተመለሰልን። ስንጥቁ ከሻፍቱ ቀዳዳ ተነስቶ እስከ ዳር ደርሶ ነበር። በጣም አዘንን። ዕቃውን ተካን፤ አሠራራችንንም ቀየርን።

ሰንሰለቱ የሚረዝመው እንዲህ ነው። ጫፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አሚንና አሲድ። ሁለቱ ሲያያዙ አንዲት የውሃ ሞለኪውል ትወጣለች። ያቺ ውሃ ካልሄደች ተመልሳ ሰንሰለቱን ትቆርጣለች። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ውሃዋን ማባረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ በዱፖንት የኬሚስቱ የካሮዘርስ ባልደረባ የነበረው ጁሊያን ሂል በፖሊስተር ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ውሃውን በቫክዩም፣ ማለትም አየሩ በተሳበበት ዕቃ ውስጥ፣ እየሳበ ሲያስወጣ ተስቦ ክር የሚሆን ረጅም ሰንሰለት አገኘ። የካሮዘርስ ቡድን ናይለንን የሠራው ከዚያ በኋላ፣ በ1935 ነው።

ናይለን 6 የሚቀልጠው 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እኛ ፍሬውን በዝግ የብረት በርሜል እንከተውና አየሩን በፓምፕ እንስባለን። ከዚያ 180 ዲግሪ ላይ እያገላበጥን 24 ሰዓት እናቆየዋለን። አይቀልጥም። ስንከፍተው ያው ፍሬ ነው፤ እፍኝ ሙሉ ብትዘግኑ በጣቶቻችሁ መሃል ይንኮለኮላል። ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። በሥርዓት የተደረደረው ክሪስታል ፍሬውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። የሰንሰለቱ ጫፎች ያሉት ግን ላላ ባለው ክፍል ነው። ሙቀቱ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ሲገናኙ ይያያዛሉ። ውሃው ከፍሬው መሃል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፓምፑም ይወስደዋል።

ጊዜ የሚበላው ይኸው ነው። እሳቱን ብንጨምር ፍሬው ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ይሆንብናል። አቅልጠን ብንሞክር ደግሞ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ቅልጡ ይወፍራል፤ ውሃው መውጫ ያጣል፤ ናይለኑም በሙቀቱ መበላሸት ይጀምራል። መብራት ሲጠፋም የእኛው ይሻላል። ፍሬው በርሜሉ ውስጥ ይቀዘቅዛል እንጂ ማሽን ውስጥ ደርቆ አይቀርም።

የምንፈራው አየርን ነው። በጀመርንበት ሰሞን የክዳኑ ጎማ አየር አሳልፎ አንድ በርሜል ሙሉ ቢጫ ሆኖብናል። ያንን ለማንም አልሸጥንም። ቢጫ ዘንግ ከእኛ ከደረሳችሁ መልሱልን፤ እንቀይራለን።

ሁለት ነገር አደራ። ለእንፋሎትና ለፈላ ውሃ ይህን ዘንግ አትግዙ። ያቺ ያባረርናት ውሃ በሙቀት ተመልሳ ሰንሰለቱን ትቆራርጠዋለች። ሌላው፣ ናይለን እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣም ያብጣል። ሰንሰለቱ መርዘሙ ይህን አያስቀረውም። ስለዚህ ቶርኖ ላይ ስታሠሩት ከሻፍቱ ጋር ትንሽ ክፍተት ይተውለት።

ቀላል ሸክም ላለበት ሥራ የድሮው ርካሽ ዘንግ ይበቃችኋል፤ አሁንም አለን። ስታዙን ዕቃው የት እንደሚገጠም፣ ምን ያህል እንደሚሸከምና እርጥበት እንዳለበት ንገሩን። የትኛው እንደሚሆናችሁ እኛው እንመርጥላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዎርክሾፑ ሠራተኞች