ባቡር ላይ አትተኚ

ፉሪ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ግን አላባራም ብሏል። የፉሪ ተራራ ደመና ከለበሰ ሰነበተ፤ ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችን ያለውን ጭቃ አንቺው ታውቂዋለሽ። እናትሽ ፍልሰታን ይዛለች። ስልኩ እየተቆራረጠ ቢያስቸግረኝ በወረቀት ጻፍኩልሽ፤ ወንድምሽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክልሻል።

የአክስትሽ ልጅ እዚያው ጀርመን ከሽቱትጋርት ደውሎ ነገረን። ከካርልስሩህ ተሳፍረሽ ኦፈንቡርግ መውረድ ሲገባሽ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ኮንስታንዝ ድረስ ሄድሽ አሉ። እኩለ ሌሊት ላይ መጨረሻው ጣቢያ ወርደሽ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አድረሽ፣ ማለዳ በመጀመሪያው ባቡር ተመለስሽ አሉ። ለእኛ ግን «ሐይቁን ላየው ሄጄ ነበር» ብለሽ ጀልባ ያለበትን ፎቶ ላክሽልን። እናትሽም ደስ ብሏት ፎቶውን ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ ከረመች። እንግዲህ ጎረቤቱን አንቺ አስረጂ።

ልጄ፣ ባቡር ላይ አትተኚ። ይህን የምልሽ አባትሽ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜዬን ምድር ባቡር ውስጥ ትኬት ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው ነኝ። የተኛ መንገደኛ ንብረት የለውም። ስንት ሜትር ጨርቅ ገላዋ ላይ ጠምጥማ፣ ፊናንሱን፣ የጉምሩክ ጠባቂውን ሁሉ አታላ የአዋሽን ኬላ ያለፈች ነጋዴ፣ ሞጆ ላይ ሸለብ አድርጓት ለገሃር ባዶ እጇን ስትወርድ አይቻለሁ። ጀርመን አገር ሌባ የለም ብለሽ እንዳትከራከሪኝ። ፓስፖርትሽና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። በነገራችን ላይ ሁለቱንም ይዘሽ መውጣትሽ ትክክል ነው፤ ከኮንስታንዝ በእግር ስዊዘርላንድ ይገባል፣ ወንድምሽ ካርታ ላይ አሳይቶኛል። በፈቃድሽ የሼንገን አገሮችን ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መዞር ትችያለሽ፣ ግን ካርዱ ያለ ፓስፖርቱ አይበቃም። ቦርሳውን ከራስሽ በላይ ካለው መደርደሪያ አትስቀዪው፤ ማንገቻውን ክንድሽ ላይ ጠምጥሚው።

መስመሩን ግን ወድጄልሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ጥቁር ደን የሚሉትን አቋርጦ የሚያልፈው ያ ሐዲድ በእነሱ አቆጣጠር በ1873 አልቆ 39 ዋሻ አለው። የላክሽልኝን ቪዲዮ እያቆምኩ ዋሻ ስቆጥር አመሸሁ። የእኛው አሮጌው ሐዲድ ደግሞ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ 784 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። የእነሱን ሰፊ ሐዲድ የመሰለውን አሁን ለቡ ጣቢያ አየነው። አንዳንድ ቀን ጡሩምባው እስከ ቤታችን ይሰማል፤ እናትሽ «ሰውዬው መጣ» ትላለች፤ ማንን እንደምታማ ታውቂያለሽ።

የአክስትሽ ልጅ ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረልኝ። «አልተኛችም እኮ ጋሼ» አለኝ። አብረውሽ የሚኖሩት ልጆች ለዕረፍት ወደየቤተሰባቸው ሄደው ቤቱ ጭር ብሎብሽ፣ ኦፈንቡርግ ላይ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ እያየሽ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። መነጽሯ ስለተሰበረ ይህንንም አታነበውም፤ ወንድምሽም አፉን ይይዛል።

እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ያደግኩ ልጅ፣ በ1972 አዲስ አበባ ስመደብ ልክ እንዲህ ያለ ክረምት ነበር። መሿለኪያ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አቦ፣ ያ ብርድ! ማታ ማታ ባቡሩ ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬው። እናቴ የአዲስ አበባን ብርድ በወሬ ሰምታ ጋቢ አሠርታልኝ ነበር። ድሬ ላይ ጋቢ ማን ይለብሳል? በዚያ ሙቀት እቅፏ ውስጥ ይዛ ነው ጣቢያ ድረስ የሸኘችኝ።

አንድ የዕረፍት ቀኔ ለገሃር ሄድኩና ድሬ የሚሄደው ባቡር ላይ ወጣሁ። ጓዝ የለኝ፣ ፈቃድ አልጠየቅሁ፣ በማግስቱ ሥራ አለብኝ። ድሬ የሚሄድ ስለሆነ ብቻ ወጣሁ። አቃቂን፣ ዱከምን፣ ደብረ ዘይትን አለፍን፤ ሞጆ ላይ ወርጄ የመልሱን ጠበቅሁ። ስመለስ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጋቢው የለም። ከላዬ ላይ ገፈው ወሰዱት! ከዚያ በኋላ ድሬ በሄድኩ ቁጥር እናቴ «ጋቢው ይሞቅሃል?» ትለኛለች፤ እኔም «በጣም» እላለሁ። እስክትሞት ጠየቀችኝ፣ እስክትሞት ሞቀኝ።

እና ባቡር ላይ አትተኚ ስልሽ ከዚያ ነው።

እንደዚያ እየተሳፈርኩ ሞጆ ድረስ ስመላለስ አንድ ሽማግሌ ተቆጣጣሪ ያዘኝ፣ የድሬ ሰው። ትኬት አልጠየቀኝም። «ሹራብ የለህም እንዴ?» ብሎ እሑድ ቤቱ እንድመጣ አዘዘኝ። ቃሊቲ ነበር ቤቱ፤ የድሬ ልጆች ይሞሉታል፤ ፈረንሳይኛው፣ ሶማልኛው፣ ሐረሪው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው ተደባልቆ ይጮኻል፣ ሳምቡሳ ይጠበሳል። እናትሽን ያገኘሁት እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ቀሪውን እሷ በየበዓሉ ስታወራው ሰልችቶሻል። አንቺም ሄደሽ ባል ፈልጊ ማለቴ አይደለም።

ግን ሰው ቤት ሂጂ። ያ የምትከፍዪበት የወር ትኬት ፈጣኑን ባቡር ባይጨምርም ሽቱትጋርት ያደርስሻል። ቡሄ ማክሰኞ ነው የሚውለው፤ አንቺ ቅዳሜውን ሂጂና ከአክስትሽ ልጅ ቤተሰብ ጋር እደሪ። ሕፃናቱ ሆያ ሆዬ አያውቁም አሉ፤ አስተምሪያቸው። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ስትራስቡርግንም ባዝልንም እዪ፣ አልከለክልሽም፤ ወጣትነትሽ ነው። ስትራስቡርግ ስትደርሺ እኔን ወክለሽ ቦንዡር በይ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ ግን ረጅም መንገድ አትጀምሪ፤ ስልክሽ ላይም ከመድረስሽ አሥር ደቂቃ በፊት የሚጮኽ ደወል ሙዪ።

«ትቼው ልመጣ ነው» ብለሻል አሉ። ስሚኝ፤ ለሦስት ዓመት ሥልጠና ፈርመሽ የመጨረሻው ዓመት ላይ ነው ያለሽው። አልቆጣሁም። ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ ወንድምሽ ብስክሌቱን አስገብቶበት ነበር፣ አስወጥቼዋለሁ። ናፍቆትሽ ከጠናብሽ ለዕረፍት ነይ፤ ስትመጪ ግን የደርሶ መልስ ትኬት ቁረጪ። የመሄጃ ብቻ ቆርጠሽ ከመጣሽ አልቀበልሽም፤ ደግሞ እቀበልሻለሁ፣ ታውቂያለሽ፣ ቢሆንም እንዳታደርጊው። ማታ ማታ ደውዪ። አሁን የሰዓት ልዩነታችን አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በጥቅምት ሰዓታችሁን ስትመልሱ ሁለት ይሆናል፣ ያኔ እናትሽን ሳትተኛ አታገኚያትም። እናትሽ «አላለቀሰችም ብለህ ጻፍ» ብላኛለች።

ጳጉሜን ላይ ወደ ፍራንክፈርት የሚሄድ ሰው አግኝተናል፣ አምስት ኪሎ ይዞልናል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና ቆሎ ነው። እናትሽ ቋንጣና ቅቤ ካልጨመርኩ ብላ ነበር፤ የሥጋና የወተት ነገር ወደ አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው ብዬ አወጣሁት። ስትደውዪ እኔን ካማችልሽ ዝም ብለሽ ስሚያት። ባለፈው የላክሽው አድራሻ የቤት ቁጥር የለውም፤ ቁጥሩንም፣ የበሩ ደወል ላይ የተጻፈውን ስምም ጨምረሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ላኪልኝ።

አባትሽ