እማዬ፣ ስለ ልብሽ ምት

ውድ እማዬ፣

የተዛባውን የልብሽን ምት በመድኃኒት ወይም በኤሌክትሪክ ስለማስተካከል ሲነሳ፣ «ልቤ ላይ ኮረንቲ ከሚለቁብኝ መድኃኒቱ ይሻለኛል» ማለትሽን ወንድሜ ነገረኝ። ስልክ ላይ ስለምትቸኩዪ ጻፍኩልሽ፤ እሱ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኛ የምናውቀው ኮረንቲ ሰው የሚገድለውን ነው። እዚህ ካልጋሪ፣ በምሠራበት ድንገተኛ ክፍል የማየው ግን ሌላ ነው። ሕመምተኛውን ለጥቂት ደቂቃ በመድኃኒት ያስተኙታል፤ ሁለት ሰፋፊ ፕላስተሮች ይለጥፉበታል፤ ኤሌክትሪኩ በእነሱ ሲያልፍ ሰውነቱ አንዴ ብድግ ይላል፣ ሞኒተሩ ላይ ሲተራመስ የነበረው መስመር እኩል እኩል መሄድ ይጀምራል። ስንቱ ነቅቶ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብሎኛል መሰለሽ!

እዚሁ ካናዳ በ11 ድንገተኛ ክፍሎች፣ የልባቸው ምት በተዛባ (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው) 396 ሕሙማን ላይ ሁለቱን መንገዶች አወዳድረው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። አንደኛው ወገን መጀመሪያ ፕሮካይናማይድ የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፣ ምቱ አልመለስ ላለው ኤሌክትሪክ ተጨመረ፤ ከዚህ ወገን በጠቅላላ የ96 በመቶው ምት ተስተካከለ። በኤሌክትሪክ ብቻ ከታከመው ወገን ደግሞ የ92 በመቶው። ከባድ ጉዳት የደረሰበት አልነበረም። ደስ የሚለው፣ መድኃኒቱ ብቻውን ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ምት መለሰ፤ እነሱ መተኛትም አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ሐኪምሽ ከተስማማ በመድኃኒቱ ጀምሪ እላለሁ። ምቱ በመድኃኒቱ አልመለስ ካለ ግን ኤሌክትሪኩን እሺ በያቸው፣ እማዬ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ምቱ ተዛብቶ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ልብ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ያኔ ምቱ ሲስተካከል የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ በመድኃኒትም ይመለስ በኤሌክትሪክ ለውጥ የለውም። ለዚህ ነው ደም ማቅጠኛውን ጾምም ቢሆን፣ ጸበል ብትሄጂም እንዳታቋርጪ የምለምንሽ።

ደግሞ «ይለፍልኛል» ብለሽ አትተኚ። ልብሽ መምታት ሲያበዛ ወዲያው ሰዓቱን አስጽፊ። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ስትዪ ሐኪሞቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ወስደውት ሌሊት ስምንት ሰዓት ሊመስላቸው ይችላል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ደግሞ ለ48 ሰዓቱ ቆጠራ ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍልሽ፣ ከመድኃኒቶችሽ ስም ጋር በቦርሳሽ ያዢው።

ልጅሽ