ትምህርት ቤቶች ለመምህራን ሕፃናትም ቦታ ይኑራቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ብዙ ሰው መምህር ግማሽ ቀን ሠርቶ ቤቱ የሚገባ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። የተማሪዎቼ ደብተር በፌስታል ታጭቆ አብሮኝ ቤት ይገባል፣ እራት ተበልቶ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው ቀይ እስክሪብቶዬን የማነሳው፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደግሞ ሮስተር አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ነው። ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። ከዚያስ? በመምህር ደመወዝ ሞግዚት መቅጠር አይታሰብም። እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ የሌለች ምን ታድርግ? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ጥግ ላይ ቆማ ጡቷን ስታልብ፣ እኛ በነጠላ ከልለናት ቆመን ነበር፤ ልጇ ጎረቤት ቤት ነው ያለው። ይህ ለማንም እናት አይገባም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች አድርገውታል፣ ደስ ይላል። እኔ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ግን አላየሁም። ለመጀመር አንድ ክፍል፣ ፍራሽ፣ ውኃና አንዲት ተንከባካቢ ይበቃል። ባሎችም ብትሆኑ፣ ደብተር በምናርምበት ሰዓት ልጅ ማስተኛቱን እናንተ ያዙት። ትምህርት ቢሮዎች ደግሞ ማቆያውን በሚቀጥለው በጀት ያስገቡልን።

መምህርት፣ ከአዲስ አበባ