የግምት መዝገብ፦ የሳይንስና የፊልም ክበባችን የ2017 ዓ.ም ዘገባ

ክበባችን የ2017 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል በተውጣጡ 23 አባላት ነው። የምንሰበሰበው ዓርብ ዓርብ፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲሆን ፕሮጀክተሩን አምጥቶ የመመለሱ ኃላፊነት በተራ ነበር። ባለፉት ዓመታት በየሳምንቱ አዲስ ፊልም እያየን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቀደመው የሚያስታውስ ሰው እናጣ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ተከታታይ ፊልም ላይ እንድንቆይ ሐሳብ አቀረብሁ፤ አባላቱም በድምፅ ብልጫ ተቀበሉት። ፊልሙን ለማየት ያሰበ አንባቢ ከዚህ በታች የተጻፈው ታሪኩን የሚገልጥ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

የመረጥነው «ሳይሎ» የተሰኘውን፣ በኢንተርኔት የፊልም አገልግሎቱ አፕል ቲቪ (ቀድሞ አፕል ቲቪ ፕላስ) ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የሚታየውን ሥራ ነው። አሥር ሺህ ሰዎች 144 ፎቅ ባለው፣ ወደ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ግዙፍ መኖሪያ ይኖራሉ። ማን እንደ ሠራው፣ ለምን እንደ ተሠራና መቼ መውጣት እንደሚቻል አያውቁም፤ የቀደመው ዘመን መዛግብትም ከ140 ዓመት በፊት በተነሣ ዓመፅ እንደ ጠፉ ይነገራቸዋል። ውጭውን የሚያዩት በመመገቢያ አዳራሽ፣ ካሜራ በሚያስተላልፈው ምስል ብቻ ነው፤ የሚታየውም ግራጫ፣ ሙት ምድር ነው። «መውጣት እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ቃሉን ማጠፍ አይችልም። የመከላከያ ልብስና የራስ ቁር ለብሶ ይወጣል፣ የካሜራውን ሌንስ እንዲወለውል ጨርቅ ይሰጠዋል፣ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደም ወድቆ ይሞታል። አልወለውልም ብሎ የዛተው ሁሉ ሳይቀር ሲወጣ ለምን እንደሚወለውል ማንም አያውቅም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ተመልካቹን ገማች ያደርገዋል። የእኛም ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገምቱ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር፣ ድምፁ የጎላው ያሸንፍ፣ ግምቱ ሲከሽፍበትም «እኔ እንዲያ አላልሁም» ይል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ ገጾቹን በሦስት ዓምድ ከፈልኋቸው። በመጀመሪያው ዓምድ ግምቱ፣ በሁለተኛው ከፊልሙ የተገኘው ማስረጃ፣ በሦስተኛው ደግሞ «ምን ብመለከት ይህን ግምት እተዋለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይጻፋል፤ ከሥሩ ስምና ቀን ይሰፍራል። የግምት መዝገብ ያልነው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ዓምድ ልጆቹን እጅግ አስቸገራቸው። ለሳምንታት ወይ ባዶ ይቀር ነበር ወይ «ምንም» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ የማምንበትን ነገር እንዴት እንደማፈርሰው ለምን እኔ እጽፋለሁ? ሌላው ያፍርስልኝ እንጂ» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የሰጠሁት መልስ በደረቁ ስለ ሳይንሳዊ ዘዴ የሚያወራ ስለነበር አላሳመነውም። ያሳመነው ከሁለት ወር በኋላ የሆነው ነገር ነው።

እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ከ23ቱ አባላት 17ቱ የጻፉት ግምት ተመሳሳይ ነበር፤ የመመገቢያ አዳራሹ ምስል ውሸት ነው፣ ውጭው ግን ለምለም ነው የሚል። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። የወጡት ሰዎች በራስ ቁራቸው መስታወት አረንጓዴ መስክ፣ ሰማያዊ ሰማይና የሚበርሩ ወፎች ያያሉ፤ ሌንሱንም የሚወለውሉት የቀሩት ወገኖቻቸው ይህንን ውበት እንዲያዩ ብለው ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን በሦስተኛው ዓምድ ላይ፣ «ወፎቹ በአንድ ዓይነት ሰልፍ ሁለት ጊዜ ሲበርሩ ካየሁ እተወዋለሁ» ብላ ጽፋ ነበር። ይህን የጻፈችው በኅዳር ወር፣ በፊልሙ ውስጥ ተደብቆ በተገኘ የኮምፒውተር ዲስክ ላይ ያለው የወፎቹ ምስል ሲታይ «በጣም የተስተካከለ ነው» ብላ ከጠረጠረች በኋላ ነው።

የአንደኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል በታየበት ዓርብ፣ መሪ ገጸ ባሕርይዋ ጁልየት ተፈርዶባት ወጣች። በራስ ቁሯም ውስጥ እነዚያኑ ወፎች፣ በዲስኩ ላይ ባየችው ሰልፍ ሲያልፉ ተመለከተች። ተማሪዋ ከወንበሯ ተነሥታ ፊልሙ ሳይቆም ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ መዝገቡን ገልጣ በእስክሪብቶና በማስመሪያ ግምቷን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና ቀኑን ጻፈችበት። ጁልየት ሌንሱን ሳትወለውል ወደ ኮረብታው ማቅናት ስትጀምር መብራት ጠፋ። በዚያች ቅጽበት ከኮረብታው ማዶ ምን እንዳለ በክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ 16ቱ አሁንም በለምለሙ መስክ ያምኑ ነበር፣ እሷ ግን አስቀድማ የፈረመችውን ቃል ጠብቃ ትታዋለች። በአሥራ ሁለት ዓመት የማስተማር ሥራዬ አንድ ተማሪ ማንም ሳያስገድደው፣ መልሱም ሳይነገረው፣ በማስረጃ ብቻ ሐሳቡን ሲለውጥ በግልጽ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መብራቱ እስኪመሽ ስላልመጣ ቀሪው ለሚቀጥለው ዓርብ ተላለፈ። በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ስምንት አባላት በራሳቸው ተነሳሽነት ወደ አሞራ ገደል ወረዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣቸውን በሚያራግፉበት ዳርቻ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቁ ነበር። ልጆቹ የፈለጉት ግን የሚበርሩትን ነበር። አንዱ በስልኩ አራት ደቂቃ ያህል በሐይቁ ላይ የሚያልፈውን መንጋ ቀረጸ፤ ሰኞ ዕለት በቤተ ሙከራ ቪዲዮውን በየአሥር ሴኮንዱ እያቆሙ የእያንዳንዱን ወፍ ቦታ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ አሠፈሩት። 24 ወረቀቶች ሆኑ። ሁለት ሁለቱን በመስኮት ብርሃን ላይ ደራርበው ሲያዩ የሚገጥም ሰልፍ አላገኙም። አራት ደቂቃ ብዙ ነገር እንደማያረጋግጥ ነገርኋቸው፤ እነርሱም በዘገባቸው ላይ ይህንኑ ጻፉ። ይሁን እንጂ እውነተኛ መንጋ በነፋስ፣ በምግብና በጎረቤቱ ክንፍ እየተመራ ዘወትር እንደሚለዋወጥና ፍጹም የሆነ ድግግሞሽ የሰው እጅ ምልክት መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል።

በሚቀጥለው ዓርብ ጁልየት ኮረብታውን ወጣች። አረንጓዴው ምስል ጠፋ፤ ሙት ምድር፣ የፈራረሰ ከተማ፣ በየቦታው ደግሞ እንደ ራሷ መኖሪያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ታዩ። እውነተኛው ግራጫው ነበር፤ ውሸቱ በራስ ቁሩ ውስጥ ነበር። 16 ግምቶች በአንድ ቀን ተሰረዙ። አስቀድሞ የተከራከረኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪም የመጀመሪያውን በሚገባ የተሞላ ሦስተኛ ዓምድ የጻፈው በዚያው ሳምንት ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ አየሩ ዞረ፤ የዓመቱ ጥልቅ ውይይትም ይህ ነበር። ጁልየት ከቀደሙት ሁሉ ርቃ የሄደችው ልብሷ የታሸገበት ናስትሮ ተለውጦ ጥሩው ስለ ተደረገላት ነው። እስከዚያ የነበረው ሆን ተብሎ እንዲበላሽ የተሠራ ነበር። ስለዚህ አየሩ መርዛማ መሆኑ ተረጋገጠ። ነገር ግን መርዙ ከየት መጣ? ገሚሱ ምድር ሁሉ ተበክላለች አለ፤ ገሚሱ ደግሞ መርዙን የሚለቀው ራሱ መኖሪያው ነው፣ ሰዎቹም ሁልጊዜ በር አጠገብ የሚወድቁት ለዚህ ነው አለ። ሁለቱም ወገን ናስትሮውን ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰ። ሁለት ሰዓት ያህል ከተከራከሩ በኋላ አንዲት ልጅ፣ «ናስትሮው ለሁለታችንም እኩል ይመሰክራል፤ ስለዚህ ለማናችንም አልመሰከረም» ስትል ክፍሉ ዝም አለ። ሁለቱን ግምቶች የሚለይ ማስረጃ ምን ዓይነት እንደሚሆን ለመዘርዘር ሙሉ ሌላ ዓርብ ወሰድን፤ ከበር ርቆ የተወሰደ የአየር ናሙና፣ ከሌላ መኖሪያ የመጣ ሰው ቃል፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ቧንቧ።

በዚሁ ውይይት ቤተሰቦቹ ከሐረርጌ የመጡ አንድ ተማሪ ያነሣው ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። በአያቶቹ አገር ማሽላ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ይከማቻል፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ግን ማንም ወዲያው አይገባበትም፣ አየሩ ሰው ይገድላልና ክፍት ሆኖ ይቆያል። የታመቀ እህል ሲተነፍስ ኦክስጅኑን ጨርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚተካበት፣ ይህም ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከጉድጓዱ እንደማይወጣ በሰሌዳ ላይ ሠራነው። የፊልሙ ርእስ ራሱ የእህል ማከማቻ ማለት መሆኑን ያኔ ብዙዎቹ በአዲስ ጆሮ ሰሙት።

ስለ ጥልቀቱም ስሌት ሠርተናል። አንዱን ፎቅ 10 ሜትር ብለን ብንወስድ 144ቱ 1,440 ሜትር ይሆናሉ፤ የመሬት ሙቀት በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጨምር፣ ከታች ያለው ዐለት ከላይኛው ወደ 40 ዲግሪ ይበልጣል። የመኖሪያው ጀነሬተር በእንፋሎት የሚዞር በመሆኑ የአሉቶ ላንጋኖን የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ አነጻጽረናል። አሳንሰር ለምን እንደሌለ የቀረበው ግምት ግን የማኅበራዊ ሳይንስ ነበር፤ ደረጃው የላይኛውንና የታችኛውን ሰው እንዳይተዋወቅ ይለየዋል የሚል። እስካሁን አልተሰረዘም።

በመዝገቡ ሥራ ላይ የደረሰው አንድ ጉዳት በእኔ ስንፍና የመጣ ነው። ታሪኩ አሜሪካዊው ሂው ሃዊ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ባሳተማቸው ልብ ወለዶች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ መጽሐፉን ያነበበ አባል ቀድሞ እንዳይናገር ደንብ ማውጣት ነበረብኝ፤ አላወጣሁም። በጥር ወር አንድ አባል መጨረሻውን ተናገረ፤ ሁለት ልጆችም አዝነው ለሦስት ሳምንት ቀሩ። ደንቡን ካወጣን በኋላ ተመልሰዋል። ሁለተኛው ምዕራፍ ከኅዳር 6 እስከ ጥር 9 ቀን፣ ማለትም እስከ ከተራ ዋዜማ ድረስ በየሳምንቱ ሲወጣ፣ እኛ እስከ የካቲት ድረስ መታገሣችንም ቀላል አልነበረም።

በሁለተኛው ምዕራፍ በሌላ መኖሪያ ደጅ ላይ የወደቁ እጅግ ብዙ ሙታን ታዩ፤ ኋላም መርዝ ወደ መኖሪያው በቧንቧ ሊለቀቅ እንደሚችል ተገለጠ። ቧንቧ በዝርዝራችን ላይ ስለነበረ ገሚሱ ክፍል ጮኸ። ይሁን እንጂ ያየነው ቧንቧ ወደ ውስጥ የሚወስድ ነው፤ በሚያዝያ ባደረግነው ድምፅ ማንም ግምቱን «ተረጋገጠ» ብሎ ለመዝጋት አልፈቀደም፤ «ተጠናከረ» ብለን አለፍነው።

የፊልሙ ሦስተኛና አራተኛ ምዕራፍ እንደሚሠሩ በታኅሣሥ ወር ተገልጿል። በመዝገቡ 9 ግምቶች ክፍት ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት በሁለተኛው ምዕራፍ ማብቂያ በዋሽንግተን፣ ከጥፋቱ በፊት፣ አንድ ወጣት የምክር ቤት አባል ለጋዜጠኛዋ ስለ ሰጣት የዳክዬ ቅርጽ ያለው የከረሜላ መያዣ ናቸው፤ ያንኑ መያዣ በአንደኛው ምዕራፍ እንደ ቅርስ አይተነው ነበር። የ11ኛ ክፍል አባላት በመጪው ዓመት ለብሔራዊ ፈተና ስለሚዘጋጁ ክበቡን ይለቃሉ። ደብተሩ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ የከረሜላ መያዣውን ግምት የጻፈው ልጅም ሦስተኛው ዓምዱን ሳይሞላ ስለወጣ፣ በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት መጥቶ እንዲሞላው ስሙ በሽፋኑ ላይ በእርሳስ ተጽፏል።