ገንዳ ለማጽዳት ውሃ አንድፋ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ጎንደር ውስጥ የመዋኛ ገንዳ በማጽዳት ነው የምተዳደረው። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስላንገበገበኝ ነው። ገንዳ ቆሸሸ ሲባል ውሃው እንዳለ ይደፋል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ሰው ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ቧንቧ የሚመጣበትን ቀን በሚጠብቅበት ከተማ! ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ሲሞላ እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ያን ያህል ውሃ ማጠራቀም ምን እንደሚመስል እናውቃለን። አስሉት እስቲ። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ገንዳ፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1.5 ሜትር ቢሆን፣ 75 ሺህ ሊትር ይይዛል። በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 3,750 ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ የቆሸሸው ውሃው አይደለም። ወለሉ ላይ የተኛው አቧራ፣ አሸዋና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። (ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ መጀመሪያ ክሎሪን ይፈልጋል።) ወለሉን ለመጥረግ ቆሻሻውን ከውሃው ጋር የሚስብ ማሽን፣ ቫኪዩም፣ ይበቃል። ከውጭ የሚመጣው ዋጋው ስለማይቀመስ እኔ ራሴ ሠራሁት።

የዕቃ ጋሪ ላይ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ አሰርኩ። ከፓምፑ በፊት ቅጠል የሚይዝ የቅርጫት ማጣሪያ፣ ከፓምፑ በኋላ ደግሞ አቧራውን የሚያስቀር ካርትሬጅ የሚባል ማጣሪያ አለ። የተጣራው ውሃ በሌላ ጎማ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ካርትሬጁ ሲደፈን አውጥቶ ማጠብ ነው። የሚስበው ጎማ ግን ግድግዳው ጠንካራ፣ ጥምዝ ያለው ይሁን። የአትክልት ማጠጫው ሲሳብ ልጥፍ ይልና ውሃ አያሳልፍም። መጋጠሚያውን ሁሉ በፋሸታ (በጎማ ማሰሪያ ቀለበት) ጥብቅ አድርጉት፤ በመሳቢያው በኩል በትንሽ ቀዳዳ አየር ከገባ ፓምፑ ጮሆ ዝም ነው።

የመጀመሪያ ፓምፔ የተቃጠለው ውሃ ሳልሞላ ስላስነሳሁት ነው፤ ደረቅ ሲሽከረከር ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያው ጋየ። አሁን የሚስበውን ጎማ ጫፉ ላይ ካለው የወለል መጥረጊያ ጀምሬ ክንድ በክንድ ውሃ ውስጥ እሰደዋለሁ፣ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው አየር ወጥቶ ሲያልቅ ሌላኛውን ጫፍ በመዳፌ ከድኜ ቀድሞ ውሃ ከሞላሁት ፓምፕ ጋር አገናኛለሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓምፕ እዚህ ውሃ ወደ ላይ የመሳብ አቅሙ ቆላ ላይ ካለው ያንሳል። ስለዚህ ፓምፑን ደረጃ ላይ ወይም ከፍ ያለ ቦታ አታውጡት።

ስለ መብራቱ ግን እባካችሁ ስሙኝ። 220 ቮልትና ውሃ ነው አብረው ያሉት። ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ ሲሾልክ ወዲያው የሚያጠፋ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር የሌለበት ሶኬት ላይ በፍጹም አትሰኩት። የምድር ሽቦው ይኑር፣ ጋሪው ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፣ መቀጠያ ገመድ እርጥብ ወለል ላይ አይተኛ። ሞተሩ እየሠራ ማንም ሰው፣ ልጅም ሆነ ዋናተኛ፣ እግሩን እንኳ ውሃው ውስጥ አያስገባ። ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ እኔም ያሠራሁት በባለሙያ ነው።

ገንዳ ያላችሁ ሆቴሎች፣ ልትደፉ ስትሉ መጀመሪያ ንገሩን። ጋሪዬን ገፍቼ እመጣለሁ።

የገንዳ ጽዳት ሠራተኛ፣ ከጎንደር