የኦገስታው 13ኛ ጉድጓድ ምን አጠፋ?

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፦

በአሜሪካ በኦገስታ ናሽናል ሜዳ የሚካሄደው የማስተርስ ጎልፍ ውድድር በመጣ ቁጥር «ኦገስታ ናሽናልን አበላሹት» የሚለው ወቀሳም አብሮ ይመጣል። ክሱ የሚበረታው በ13ኛው ጉድጓድ፣ ማለትም ከመነሻው እስከ ኳስ ማስገቢያው ባለው የመጫወቻ መስመር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የመነሻው ቦታ 35 ያርድ ወደ ኋላ ስለተገፋ ርዝመቱ ከ510 ወደ 545 ያርድ ደረሰ። «ፊል ሚክልሰን በ2010 ከጥድ ቅጠል ላይ ተነሥቶ፣ ኳሱን በሁለት ዛፎች መካከል አሾልኮ ከማስገቢያው ፊት ያለውን ጅረት ያሻገረበት ዓይነት ድፍረት አከተመ» ይላሉ ደጋፊዎች።

ድፍረቱ ከማራዘሚያው በፊትም ተሸርሽሮ ነበር እኮ! ቡባ ዋትሰን በ2014 ኳሱን በዛፎቹ በኩል አሳብሮ ሲልከው፣ ለሁለተኛው ምት የተረፈው ለአጭር ዱላ የሚበቃ ርቀት ብቻ ነበር። በ2025 የመጨረሻ ቀን ግን ሮሪ ማኪልሮይ ጅረቱን በሁለት ምት ለመሻገር አልደፈረም፤ ኳሱን ከወዲህ አሳርፎ፣ ቀላል የምትመስለውን ሦስተኛ ምት ውኃ ውስጥ ከተታት። በኋላ ዋንጫውን ቢወስድም፣ ያን ጊዜ ትንፋሹን ያልያዘ ተመልካች ነበር? ጉድጓዱ አልሞተም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቦቢ ጆንስና አሊስተር ማኬንዚ ሜዳውን የነደፉት ሰፊ አድርገው፣ ተጫዋቹ መንገዱን ራሱ እንዲመርጥ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በዳር በኩል ረዘም ያለ ሣር አበቀሉበት፤ ዛፍም ጨምረው አጠበቡት። ስለ 35 ያርዱ የሚጮኸው ሁሉ ስለዚህ ዝም ማለቱ ይገርመኛል። ዓምዳችሁ ቢያነሣው ደስ ይለኛል።

አንድ የጎልፍ ወዳጅ