የምስለ ችሎቱ ክፍል ጣሪያ ክረምቱ ሳይጠና ይመለስልን፦ ለጅማ ልጆች በሙሉ የድጋፍ ጥሪ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን፣ አካም ጅርቱ የጅማ ልጆች፣ እዚሁ ያላችሁም ውጭ ያላችሁም።

መቼም ፎቶውን ያላየ የለም። በግንቦቱ ነፋስ ተማሪ ልጆቻችን ምስለ ችሎት፣ ማለትም ዳኛ፣ ጠበቃና ምስክር ሆነው የፍርድ ቤት ክርክር የሚለማመዱበት ክፍል ጣሪያ ግማሹ ተገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ወድቋል፣ ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፣ አልሀምዱሊላህ፣ ተመስገን። ቆርቆሮው ግን ተጣሞ ለምንም አይሆንም፣ የቀረውም ሚስማሩ ላልቶ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲንኳኳ ያድራል። የሰፈራችን አናጺዎች የእጅ ዋጋ ሳይቀበሉ የሰሩት የዳኞች ጠረጴዛ፣ ያ የዋንዛው፣ ውሃ ጠጥቶ አብጦ መሳቢያው አልከፈት ብሏል። ውስጡ ያለው የምስክሮች ቃለ መሃላ ወረቀት ነው፣ እሱ እንኳን እንደገና ይታተማል።

መዋጮው ተጀምሮ ነበር እኮ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስልካችን እረፍት አልነበረውም፣ ከዛ ቀጥ አለ። ከሚያስፈልገው 180 ሺህ ብር እስካሁን የገባው 47 ሺህ ነው። አንድ መስሪያ ቤት ቆርቆሮውን ለኛ ተዉት ብሎን ደብዳቤ አስገቡ ሲል አስገባን፣ ማህተም ይጎድለዋል ሲል አስመታን፣ በመጨረሻ በጀት ተዘግቷል ተባልን፣ ይኸው እንደተለመደው ወደናንተው መጣን። ደክሞናል ብንል ውሸት አይሆንም።

ምን አስቸኮላችሁ ለምትሉን፣ ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። የጅማን ዝናብ ለጅማ ልጅ አናስረዳም። ሐምሌ ሳይገባ ካልተከደነ ምርጊቱ ታጥቦ ይወርድና ማገሩ ብቻ ይቀራል፣ ያኔ የምንጠይቃችሁ የጣሪያ ሳይሆን የቤት ብር ነው። ስለዚህ አሁን፣ በዚህ ወር።

ያምናው ብር የት ገባ ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልን አላችሁ፣ መጠየቃችሁ መብታችሁ ነው፣ እንመልሳለን። ወለሉ ሊሾ ሆኗል፣ ድሮ አፈር ነበር። አግዳሚ ወንበሮች ተሰርተዋል። ካባዎቹ ተሰፍተዋል፣ ካባ ምን ያደርግላቸዋል ላላችሁን ደግሞ አንድ ቀን መጥታችሁ እዩ፣ ሲሳሳቅ የነበረ ልጅ ካባውን ሲያጠልቅ ድምጹ ራሱ ይለወጣል። ትልቁ ወጪ ፎቶኮፒ ነው፣ ይሄ ብዙ ሰው ያልገባው ነገር ነው። እዚህ የፍርድ ቤቱ የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ከልጆቹ ደግሞ በአማርኛ የሚቀላቸው አሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ፣ ክሱም የምስክር ቃሉም፣ በሁለቱም ይዘጋጃል፣ ወረቀቱ እጥፍ ነው። ከዩኒቨርሲቲው እየመጡ የሚያሰለጥኑት የሕግ ተማሪዎች አንድ ብር አልተከፈላቸውም፣ ሻይ በሳምቡሳ ብቻ፣ እሱም ደረሰኝ አለው። ማየት የሚፈልግ ካሸራችን ጋ ይምጣ፣ ፋይሉ ክፍት ነው፣ እሱ እንኳን አልረጠበም።

አሁን ደግሞ የተሰራውን እንናገር፣ ምክንያቱም ሰው ቆርቆሮ ሲባል ቆርቆሮ ብቻ ይመስለዋል።

ልጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ የሚያውቁት ችሎት የፊልሙን ነው። ጁሪ፣ ያ ከሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ቡድን፣ የታለ ይላሉ። የኛ ሀገር ሕግ ጁሪ እንደሌለው፣ ዳኛው ራሱ ማስረጃ መዝኖ እንደሚፈርድ ሲነገራቸው ቅር ይላቸዋል። ከዛ በወንጀል ስነ ስርዓቱ ቅደም ተከተል ይገባሉ፣ ክስ ይነበባል፣ ተከሳሹ ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም ተብሎ ይጠየቃል፣ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያሰማል፣ ዋና ጥያቄ ምስክሩን ያመጣው ወገን የሚጠይቀው፣ መስቀለኛ ጥያቄ ተቃራኒው ወገን የሚጠይቀው፣ ከዛ ድጋሚ ጥያቄ። ለራስህ ምስክር መልሱን አፉ ላይ የሚያደርግ መሪ ጥያቄ በዋና ጥያቄ ላይ አይፈቀድም፣ በመስቀለኛ ላይ ግን ይቻላል፣ ይቺን ልዩነት የ10ኛ ክፍል ልጅ ነቅሳ ስትይዝ ማየት ደስ ይላል። አባቶቻችን ተጠየቅ ልጠየቅ እያሉ ሲሟገቱ የኖሩበት ሀገር ነው፣ አዲስ ነገር አላመጣንም።

ባለፈው ሴሚስተር የሰሩት መዝገብ የስልክ ስርቆት ነበር፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665፣ ቦታው መርካቶ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ምስክሩ ተከሳሹን በመንገድ መብራት አይቼዋለሁ ይላል። ተከላካይ ጠበቃ የሆነችው ልጅ ተነሳች፣ ወረቀቷን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ "ሱቅህን የዘጋኸው ስንት ሰዓት ነው?" አለችው። አንድ ሰዓት አለ። "ሁልጊዜ የምትዘጋው 3 ሰዓት አይደለም?" አዎ አለ። "የዛን ቀን ለምን ቀደም አልክ?" ልጁ ዝም አለ፣ የተሰጠው ቃል ላይ ተጽፏላ፣ መብራት ስለጠፋ ነው የዘጋው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ የመሃል ዳኛው ስርዓት ብሎ እስኪጮህ ድረስ። ዳኞቹ ተመካከሩና ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበት ብለው በየኑ። ያቺ ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ነበረች፣ አስተማሪዋ ናቸው የነገሩን።

ሌላው መዝገብ የ13 ዓመት ሊስትሮ ነው። ዐቃቤ ሕጎቹ ይታሰርልን ብለው ገቡ፣ ከዛ ራሳቸው ሕጉን ሲያገላብጡ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል እንደማይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ እንደማይቀጣ አገኙት፣ አንቀጽ 52 እና 53። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበትም ከሕገ መንግስቱ አንቀጽ 19 አውጥተው ቤታቸው ሄደው ለወላጅ ተናግረዋል። ከወላጆቹ ውስጥ ይሄን የማያውቁ ብዙ ነበሩ፣ እኛም ብንሆን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

በኢድም በገናም አብረን የበላን ሰዎች ነን፣ እድር ሲጠራ የማይቀር ከተማ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ይሄ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት ነው፣ ለክርስቲያኑም ከአስራቱም ከምጽዋቱም ቢያወጣ የሚያስመሰግን ነው። አዲስ አበባና ውጭ ሀገር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎች በተለይ እናንተን ነው የምንጠብቀው፣ እውነቱን እንናገር፣ እስካሁን አብዛኛውን የሰጠው እዚሁ ያለው ሰው ነው፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ 50 ብር አምጥቷል።

ብሩ ለምን እንደሚውል፦ ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ሚስማር፣ የአናጺ ቀን ሂሳብ፣ ከተረፈ ኮርኒስ። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን ይዘናል፣ ዋጋው ግን በየሳምንቱ ስለሚጨምር 180 ሺው ነገም 180 ሺህ ይሆናል ብለን አንምልም።

የባንክ ሂሳብ ቁጥሩና የቴሌብሩ ቁጥር ከዚህ ጽሑፍ ጋር ባለው ምስል ላይ ነው፣ የኮሚቴው ማህተም ያለበት። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ አንድ ሰው ብቻውን ማውጣት አይችልም። ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ችሎት" ብላችሁ ጻፉ፣ እባካችሁ እሷን አትርሱ፣ ባለፈው ከማን እንደመጣ ያላወቅነው ብር አለ። ስክሪንሾቱን ለካሸራችን ላኩላት፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ደግመን እንላለን፣ ማህተም በሌለበት ምስል ወይም ቁጥሩ ተቀይሯል ብሎ በደወለ ሰው አትላኩ፣ ቁጥሩ አልተቀየረም፣ አይቀየርም።

ብር የሌለው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ የተጣመመውን ቆርቆሮ ያንሳልን። ትልቅ ሸራ ያለው ሰው ካለ ደግሞ እስከዚያው ያውሰን፣ ያለን አንድ ነው፣ እሱም በጠረጴዛው በኩል ተቀዷል።